ኢሙሌተሩ ላይ ይሠራል፣ ኮንሶሉ ላይ እምቢ ይላል፦ ለኔስ ጌም ለሚሠሩ ችግርና መፍትሄ

ኒንተንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ፋሚኮም፣ በ1985 ደግሞ በአሜሪካ ኔስ ብሎ ያወጣው ባለ ስምንት ቢት ኮንሶል ዛሬም አዲስ ጌም የሚሠሩለት ሰዎች አላጣም። አብዛኞቹ የሚሠሩት ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ነው። ማሽኑ 2 ኪሎባይት የሥራ ሜሞሪ፣ ለስክሪን ሌላ 2 ኪሎባይት፣ በሴኮንድ 1.79 ሚሊዮን ዑደት የሚሄድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው ያለው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው፦ ኢሙሌተር (ኮንሶሉን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም) ቸር ነው፣ ማሽኑ ግን ቸር አይደለም። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የኢሙሌተሩን ቸርነት አጥፉት። እኔ የምመርጠው ሜሰን የተባለውን ኢሙሌተር ነው፤ ሜሞሪው ሲበራ በዘፈቀደ ቁጥር እንዲሞላ አድርጉ፣ የስፕራይት ገደብን የሚያነሳውንም ምርጫ ዝጉት።

ምልክት፦ ሲበራ አንዳንዴ ይጀምራል፣ አንዳንዴ ጥቁር ሆኖ ይቀራል

ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሜሞሪው ነው። ብዙ ኢሙሌተሮች ሜሞሪውን በዜሮ ሞልተው ያስረክባሉ፤ ኮንሶሉ ሲበራ ግን እዚያ ምን ተቀምጦ እንደሚገኝ አይታወቅም። ፕሮግራማችሁ የተጫዋቹ ሕይወት የሚቆጠርበት ቦታ ዜሮ ነው ብሎ ካመነ፣ አንድ ቀን 173 ሕይወት ይዞ ይጀምራል፣ ሌላ ቀን ጭራሽ አይነሳም። ሁለተኛው የሥዕል ቺፑ ነው። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ቢነቃም የሥዕል ቺፑ ለመዘጋጀት 30 ሺህ ያህል የፕሮሰሰር ዑደት ይወስድበታል። ከዚያ በፊት ወደ $2000፣ $2005 እና $2006 የላካችሁት ትእዛዝ ከንቱ ይቀራል (በ$ የሚጀምሩት ቁጥሮች ፕሮሰሰሩ ሌሎቹን የማሽኑን ክፍሎች የሚያዝባቸውና የሚያነብባቸው አድራሻዎች ናቸው)።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። $2002ን እያነበባችሁ አንድ ቪብላንክ ጠብቁ (ቪብላንክ ማለት ቴሌቪዥኑ አንዱን ሥዕል ጨርሶ የሚቀጥለውን ከላይ እስኪጀምር ያለችው ፋታ ናት)። ከዚያ 2048ቱንም ባይት ዜሮ አድርጉ፣ ሁለተኛውን ቪብላንክ ጠብቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሥዕሉ ሂዱ። ይህን ሳያደርጉ ለኢሙሌተሩ ደራሲ «ጌሜን አበላሸኸው» ብሎ መጻፍ ነውር ነው። ሰውየው በነፃ የሰጣችሁን ሥራ በትርፍ ጊዜው ነው የሚጠብቀው።

ምልክት፦ ገጸ ባሕርያት ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ይጠፋል

ስፕራይት ከጀርባው ሥዕል በላይ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ምስል ነው። ማሽኑ በጠቅላላው 64 ስፕራይት ይይዛል፤ በአንድ አግድም መስመር ላይ ግን ከ8 በላይ አያሳይም። ጀግናችሁ 16 ነጥብ (ፒክሰል) ስፋት ካለው በእያንዳንዱ መስመር ሁለት ስፕራይት ይበላል። አራት ሰው ሲሰለፍ መስመሩ ሞላ፤ አምስተኛው አይታይም።

ገደቡን ማንሳት አይቻልም፣ ጉዳቱን ማከፋፈል ግን ይቻላል። በየፍሬሙ (ቴሌቪዥኑ ላይ በሚወጣው በእያንዳንዱ ሙሉ ሥዕል) የስፕራይቶቹን ዝርዝር የምትጀምሩበትን ቦታ በ17 አሸጋግሩ። 17 እና 64 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው መነሻው 64ቱንም ቦታዎች ይዞራል፤ አንዱ ሁልጊዜ ከመጥፋት ይልቅ ሁሉም በየተራ ብልጭ ድርግም ይላሉ። አያምርም፣ ግን ተጫዋቹ ጠላቱን ሳያይ አይሞትም። ገደቡን በኢሙሌተር አንስታችሁ «ጌሜ ምንም አይርገበገብም» ብላችሁ ማስተዋወቅ ግን ማታለል ነው፤ ገዝቶ ኮንሶሉ ላይ የሚከተው ሰው ያየዋል።

ምልክት፦ ስክሪኑ ይዘላል፣ ወይም የተበላሹ ታይሎች (ስክሪኑ የሚገነባባቸው ትንንሽ ካሬ ሥዕሎች) ይረጫሉ

የሥዕል ቺፑ ሥዕል እያወጣ ሳለ በ$2006 እና $2007 በኩል ሜሞሪውን ከነካችሁት የሚሆነው ይህ ነው። መጻፍ የሚቻለው በቪብላንክ ብቻ ነው፤ የአሜሪካና የጃፓኑ ማሽን ደግሞ ለዚህ የሚሰጠው 20 መስመር፣ ማለትም 2273 ያህል ዑደት ነው። በ$4014 ስፕራይቶችን ማስተላለፍ 513 ወይም 514 ዑደት ይወስዳል። የቀረው 1760 ገደማ ነው። ተራ የቅጂ ሉፕ ለአንድ ባይት 15 ዑደት ስለሚፈጅ፣ በአንድ ፋታ ከመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ባይት ብቻ ትጽፋላችሁ። አንድ ሙሉ ስክሪን ግን 1024 ባይት ነው። ስለዚህ ስክሪኑን በሙሉ ስትቀይሩ ሥዕሉን አጥፉ፣ ጻፉ፣ መልሳችሁ አብሩ። ትንንሽ ለውጦችን በሥራ ሜሞሪ ውስጥ ሰልፍ አስይዙና በኤንኤምአይ (ቪብላንክ ሲጀምር ፕሮሰሰሩን በሚያቋርጠው ምልክት) ጥሪ ጊዜ አውጧቸው።

መዝለሉ ብቻውን ከታየ ደግሞ፣ $2006ን ከተጠቀማችሁ በኋላ $2005ን እንደገና አልጻፋችሁም ማለት ነው። ሁለቱ ቺፑ ውስጥ አንድ መዝገብ ይጋራሉ።

በአውሮፓ ማሽን ብቻ የሞከራችሁ ተጠንቀቁ። እዚያ ቪብላንኩ 70 መስመር ስለሆነ የማይበቃ የሚመስል ነገር የለም፤ ያው ጌም አሜሪካ ሲደርስ ይፈራርሳል። በተቃራኒው በሴኮንድ ለ60 ፍሬም የተጻፈ ሙዚቃ በአውሮፓው 50 ፍሬም ሲሄድ ቀስ ይላል። ስታወጡት የትኛው ላይ እንደሞከራችሁት ጻፉ።

ምልክት፦ ከበሮው ሲመታ ጀግናው በራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል

ይህኛው ሰውን ያሳብዳል፣ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ጆይስቲኩ ስምንቱን ቁልፎች በ$4016 አንድ በአንድ ያስነብባል፤ የመጨረሻው ቀኝ ነው። የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውተው ቻናል ከሜሞሪ ባይት ለመውሰድ ፕሮሰሰሩን ሲያቆም፣ አንዷ ንባብ ሳትቆጠር ታልፋለች። የቀሩት ሁሉ አንድ ቦታ ይሸሻሉ፤ በስምንተኛው ቦታ ላይ የሚመጣው ከዝርዝሩ በኋላ ያለው «1» ይሆናል። ፕሮግራሙም ቀኝ ተጫነ ይላል።

ጆይስቲኩን ደጋግማችሁ አንብቡ፤ ሁለት ተከታታይ ንባቦች አንድ ዓይነት እስኪሆኑ አትመኑት። አዲስ ጆይስቲክ መግዛት አያስፈልግም፣ የገዛችሁበትን ሰውም አትውቀሱ።

ምልክት፦ የአማርኛ ጽሑፍ ስጨምር ታይል አለቀብኝ

ጌማቸው በፊደላችን እንዲናገር ለሚፈልጉ ይህ ዋናው ግድግዳ ነው። አንድ ታይል 8 በ8 ነጥብ ነው፣ 16 ባይት ይይዛል፤ በአንድ ሠንጠረዥ 256 ታይል አለ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። የቀሩት 25 ቦታዎች ለአኃዝ፣ ለአራት ነጥብ፣ ለነጠላ ሠረዝ፣ ለግድግዳውና ለሣሩ ሊበቁ ነው። ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ ገና አልተጠሩም።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ሞክሼዎቹን መጣል ነው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ቢወጡ 35 ታይል ይተርፋል። ይቻላል፤ ግን «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የሚጽፍ ጌም ለማየት እኔ አልቸኩልም፣ ሌላ መንገድም አለ።

አንደኛ፣ ሙሉውን ንግግር በአንድ ፋይል ጽፋችሁ የትኞቹ ፊደላት እንደመጡ በትንሽ ፕሮግራም አስቆጥሩ። አጭር ጌም ሁሉንም አይጠቀምም፤ ያልመጡት ቦታ አይያዙ። ለሥራው ዩኒኮድ ያግዛል፦ ሀ በአሥርዮሽ 4608 ነው፣ ፊደላቱም በስምንት በስምንት ተደርድረዋል። 4608 ቀንሳችሁ ለ8 ስታካፍሉ ድርሻው የፊደሉን ቤት፣ ቀሪው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይሰጣችኋል። ኮንሶሉ ራሱ ዩኒኮድ አያውቅም፤ ልወጣውን በኮምፒውተራችሁ ጨርሳችሁ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ካሴቱ ውስጥ አስገቡ።

ሁለተኛው፣ ለእኔ የሚበልጠው፣ ታይሎቹ በሚጻፍበት ሜሞሪ ላይ የሚቀመጡበትን የካሴት ዓይነት መምረጥ ነው። ያኔ ሁሉም ፊደል በፕሮግራሙ ሮም (በካሴቱ ውስጥ ባለው የማይለወጥ ሜሞሪ) ውስጥ ተኝቶ፣ በንግግር ሳጥኑ የሚታየው ብቻ ይጫናል። ሁለት መስመር፣ በመስመር 26 ፊደል ቢሆን ከ52 ታይል አይበልጥም። 52 ታይል 832 ባይት ነው፤ ከላይ እንዳየነው በአንድ ቪብላንክ አያልፍም። በየፍሬሙ ስድስት ፊደል፣ ማለትም 96 ባይት፣ ላኩ፤ ጽሑፉ ፊደል በፊደል እየተጻፈ የሚመጣ ይመስላል፣ ተጫዋቹም ሆን ተብሎ የተደረገ ውበት ነው ይላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ንባብ ነው። በ8 ነጥብ ከፍታ «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለየው ቅጥያ የሁለት ሦስት ነጥብ ልዩነት ብቻ ነው፤ ጨ ከነእግሮቹ ጭራሽ ይጨማደዳል። በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ብቻዋን የቆመች ነጥብ ወደ ጎን ትፈሳለች። ለአንድ ፊደል ሁለት ታይል መድባችሁ 8 በ16 አድርጉት። በፍሬም የሚገባው ወደ ሦስት ፊደል ይወርዳል፣ ቢሆንም ይሻላል። ቅርጹን ከተዘጋጀ ፎንት የምትወስዱ ከሆነ ፈቃዱን አንብቡ፤ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያሉት በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፣ ይህ ማለት ግን ውለታው አይጠቀስም ማለት አይደለም።

ፈጣን የሆኑት

የአንዱ ዕቃ ቀለም ወደ ጎረቤቱ ከዘለለ፣ የጀርባ ቀለም የሚመደበው ለ16 በ16 ነጥብ ክልል መሆኑን ረስታችኋል፤ ሥዕሉን በዚያ መረብ ላይ ሣሉ። የውጤት ቆጣሪው ቴሌቪዥኑ ላይ ከተቆረጠ ከላይና ከታች ቢያንስ 8 መስመር ባዶ ተዉ። ፋይሉ ኢሙሌተር ላይ ጭራሽ ካልተከፈተ የመጀመሪያዎቹን 16 ባይቶች ፈትሹ፤ የካሴቱ ዓይነትና የሮሙ መጠን የሚነገረው እዚያ ነው።

ምልክት፦ ቀዩ መብራት በየሴኮንዱ ይበራል ይጠፋል

በአሜሪካው የፊት መክተቻ ኔስ ውስጥ ካሴቱን የሚመረምር የቁልፍ ቺፕ አለ። ከካሴቱ ተስማሚ መልስ ካላገኘ ኮንሶሉን ደጋግሞ ያስነሳዋል። በመደብር የተሸጠ አሮጌ ካሴት ላይ ከታየ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ወይም የላላ ባለ 72 ፒን ማገናኛ ነው፤ እርጥበት ስለሚጨምር አፍ አይነፋበትም፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል። ራሳችሁ ያሠራችሁት ካሴት ላይ ከሆነ ግን ቺፑ ይጎድላል። ሠሪዎች ለዚህ ተመሳሳይ መልስ የሚሰጥ ትንሽ ቺፕ አዘጋጅተው አካፍለዋል፤ ቺፕ ለማውጣት ሲባል ብርቅ የሆነ አሮጌ ካሴት አትፍቱ።

ምልክት፦ ጠየቅሁ፣ የመለሰልኝ የለም

«አይሠራም፣ እርዱኝ» የሚል ጥያቄ የሚመልስበት ሰው አያገኝም። ችግሩን ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ሮም (የጌም ፋይል) ቁረጡ፤ ኮዱን፣ የማሽኑን ዓይነት፣ የካሴቱን ዓይነት፣ የጠበቃችሁትንና ያያችሁትን ጨምሩ። ብዙ ጊዜ ይህን ስታዘጋጁ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ካገኛችሁት መልሱን ጻፉት፤ «ተፈታ» ብሎ መጥፋት ለቀጣዩ ሰው በር መዝጋት ነው።

ምልክት፦ ጌሙን አወጣሁ፣ ያገኘሁት ግን ምስጋና ሳይሆን ወቀሳ ነው

ምናልባት የጀግናውን ምስል ከታወቀ የንግድ ጌም አንስታችኋል። ለልምምድ ስትሠሩ ማንም አይጠይቃችሁም፤ አውጥታችሁ በተለይም ስትሸጡ ግን የሰው ንብረት ነው። የኒንተንዶን አርማ ሳጥኑ ላይ ማተምም እንዲሁ። ምናልባት ደግሞ የሌላ ሰው ኮድ ወይም ሙዚቃ ማጫወቻ ተጠቅማችሁ ስሙን ትታችኋል። ሮሙ ውስጥ ቦታ የለም የሚለው ሰበብ አይሠራም፤ አብሮ በሚሄደው ጽሑፍ ላይ ይጻፍ።

በተቃራኒው የእናንተ ጌም ያለ ፈቃድ በርካሽ ካሴት ሲሸጥ ካገኛችሁት፣ ለሻጩ የምታሳዩት ነገር ያስፈልጋችኋል። መሸጥ እንደማይቻል፣ መኮረጅና መለወጥ እስከምን እንደሚፈቀድ ከመጀመሪያው በግልጽ አስፍሩ። ገዢውንም አስጠንቅቁት፦ አንዳንዶቹ ርካሽ ካሴቶች በ3.3 ቮልት የሚሠራ ቺፕ በ5 ቮልቱ ኮንሶል ላይ ያለ መቀየሪያ ያሰካሉ። ለጊዜው ይሠራል፤ ሲውል ሲያድር ካሴቱንም ኮንሶሉንም ሊጎዳ ይችላል።