ልጄ አያርፍም፤ ምን ደም ላስመርምርለት?

ሥራዬ ደም መቅዳትና መመርመር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ እሠራለሁ፤ ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ ቅብጥብጥ ነው፤ ትምህርት ላይ ልቡ አይሰበሰብም። እስቲ ደሙን እዪልኝና ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር) ካለበት ንገሪኝ።»

ኤዲኤችዲን የሚለይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪም ችግሩን የሚለየው በመጠየቅና በመከታተል ነው። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት ጀምረዋል ወይ? ቢያንስ 6 ወር ቆይተዋል ወይ? ቤትም ትምህርት ቤትም ይታያሉ ወይ? ስለዚህ ከደም ምርመራው በፊት የአስተማሪውን ማስታወሻ ይዛችሁ ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም ወደ ልጆች የአእምሮ ሐኪም ሂዱ። ማስታወሻው «ይረብሻል» ብቻ የሚል ከሆነ ብዙም አይረዳም። በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ምን ሲሠራ፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚነሣ ይጻፍ።

ታዲያ ደም ለምን ይታያል? አንዳንድ ጉድለቶች ራሳቸው ትኩረት ይቀንሳሉ፤ ወይም ያለውን ችግር ያባብሳሉ። እነዚህን አግኝቶ ማከም ይቻላል። ግን የተገኘውን ሁሉ ማስመርመር አያስፈልግም።

ከፌሪቲን ጀምሩ

አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ፌሪቲንን፣ ማለትም ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ምርመራ፣ እመርጣለሁ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ነው። ሲቢሲ ሄሞግሎቢንን ያሳያል፤ ፌሪቲንን አያሳይም። ሄሞግሎቢን ሌማት ላይ ያለው እንጀራ ቢሆን ፌሪቲን ጎተራው ነው። ጎተራው እየተራቆተም ሌማቱ ለጊዜው ሙሉ ሊሆን ይችላል። «ደም ማነስ የለበትም» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ፣ የብረት ክምችቱ ያለቀበት ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ሐኪማችሁን «ፌሪቲንም ይታይልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ።

ብረትን ከትኩረት ጋር ምን አገናኘው? አእምሮ ዶፓሚንን (በአእምሮ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያስተላልፈውን ንጥረ ነገር) የሚሠራበት ኢንዛይም ያለ ብረት አይሠራም። የተለመዱት የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች የሚሠሩት ደግሞ በዋናነት በዶፓሚን በኩል ነው። በ2004 የፓሪስ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 53 ልጆች ከሌሎች 27 ልጆች ጋር አነጻጽረው ነበር። ፌሪቲናቸው ከ30 (ማይክሮግራም በሊትር) በታች የሆነው ከመጀመሪያዎቹ 84 በመቶው፣ ከሁለተኞቹ 18 በመቶው ነበሩ። በ2008 ደግሞ ፌሪቲናቸው ዝቅ ባለ 23 ልጆች ላይ ሙከራ ተደረገ። ለ12 ሳምንት ብረት የወሰዱት በአንዱ መለኪያ ተሻሻሉ፤ ወላጆችና አስተማሪዎች በሞሉት ሌላ መጠይቅ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ግልጽ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። ብረት የጎደለውን ልጅ ማከም ተገቢ ነው። ብረት ያልጎደለውን ልጅ በብረት ማከም ግን ሌላ ነገር ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን እንዲህ እዩት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ዓመት በታች ላለ ጤነኛ ልጅ ከ12 በታች፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ15 በታች ፌሪቲንን የብረት እጥረት ይለዋል። ልጁ ግን ኢንፌክሽን ካለበት ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ይላል። ያኔ መለኪያው ከ5 ዓመት በታች ላለ ወደ 30፣ ከዚያ በላይ ላለ ወደ 70 ይወጣል። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ይዞት ከሰነበተ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። መጠበቅ ካልተቻለ ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን መኖሩን የሚጠቁም ምርመራ) አብሮ ይታይ።

ሌላም አለ። ልጁ ማታ እግሩን የሚያወራጭ ከሆነ፣ ወይም «እግሬን እንዴት እንደሚያደርገኝ እንጃ» እያለ እንቅልፍ የሚያጣ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ። እረፍት የሚነሳ የእግር ሕመም ላለበት ልጅ ሐኪሞች ብረት ለመስጠት የሚያስቡት ፌሪቲኑ ከ50 በታች ሲሆን ነው። ሌሊት በደንብ ያልተኛ ልጅ ቀን ቢቅበጠበጥ አይገርምም።

ስለ ሄሞግሎቢን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የኛ አገር ጉዳይ ስለሆነ። ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ዝቅተኛው ልክ 11.5 (ግራም በዴሲሊትር) ነው የሚባለው በባሕር ወለል ላይ ለሚኖር ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ስለሚጨምር እዚህ ልኩ ቢያንስ 1 ግራም ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ 12 የወጣለት የአዲስ አበባ ልጅ ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት ባይደረግበትም ደም ማነስ ሊኖርበት ይችላል። ሐኪሙ ከፍታውን አስቦ እንደሆነ ጠይቁት።

ደም ሲቀዳ

ጠዋት ይዛችሁት ኑ። ውኃ ይጠጣ፤ ውኃ የጠጣ ልጅ ሥሩ ቶሎ ይገኛል። ሽሮፕም ሆነ ቫይታሚን የሚወስድ ከሆነ ስሙን ጽፋችሁ አምጡ። እባካችሁ «አያምም» አትበሉት። «ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ያልቃል፣ እኔም እይዝሃለሁ» በሉት። የተዋሸ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ከበሩ አይገባም።

ልጁ ሲታገልና ደሙ በግድ ሲወጣ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ። እኛ ሄሞላይዝድ እንለዋለን። ያኔ ዚንክ፣ ማግኒዚየምና የደም ብረት ካሉበት በላይ ሆነው ይወጣሉ። «ናሙናው ሄሞላይዝድ ነው» ከተባላችሁ ድጋሚ ይቀዳ፤ በዚያ ቁጥር ላይ ምንም አትወስኑ።

ብረት ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ

ይህን በጣም አጥብቄ የምለው ነው። 325 ሚሊግራም የሆነ አንድ የፌረስ ሰልፌት እንክብል ውስጥ 65 ሚሊግራም ብረት አለ። ትንሽ ልጅ እንደ ከረሜላ ቆጥሮ ጥቂት ፍሬ ቢውጥ ሊሞት ይችላል። ለነፍሰ ጡር የተሰጠ ብረት ቤት ውስጥ ካለ ቆልፉበት። ለልጁ ስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ክብደቱን መዝኖ። ሲወስድ ሰገራው ይጠቁራል፤ አትደንግጡ። ከሻይ ጋር አትስጡት፤ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ይሻላል። ከ3 ወር ገደማ በኋላ ፌሪቲኑ ድጋሚ ይታይ።

ብረቱ ለምን እንዳለቀም ይፈለግ። የሰገራ ምርመራ አሠሩ፤ መንጠቆ ትል ደም ይመጣል። «ጤፍ እየበላ እንዴት ብረት ያንሰዋል?» የሚሉኝ አሉ። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከውድማ አፈር የሚመጣ ነው፤ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገርም ብረትና ዚንክን ይይዛል። በደንብ የቦካ ሊጥ ፋይቴቱን ስለሚቀንስ፣ ሳይቦካ ከሚጋገረው የቦካው እንጀራ ይሻላል። ልጁ የሚጾም ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው።

ሌሎቹ

እርሳስ (ሌድ) የሚባለውን ማዕድን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን አስባለሁ። የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ትኩረትንም ይነካል። ብረት የጎደለው ልጅ እርሳስን በብዛት ስለሚወስድ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ቤታችሁ አጠገብ የመኪና ባትሪ የሚፈታበት ቦታ ካለ፣ የቤቱ ቀለም አርጅቶ የሚረግፍ ከሆነ፣ ከተቀላቀለ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በተሠራ ድስት የምታበስሉ ከሆነ፣ ወይም ልጁን ኩል የምትኳሉ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ። አሮጌ ብረት በሚቀጠቀጥበት በምናለሽ ተራ አካባቢ ያደገ ልጅ ሲመጣ እኔ ራሴ እጠይቃለሁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ ክትትል ያስፈልገዋል የሚለው በዴሲሊትር ደም ከ3.5 ማይክሮግራም ጀምሮ ያለውን ነው። ከጣት የተወሰደ ደም ላይ ከፍ ካለ ከክንድ ሥር ተቀድቶ ይረጋገጥ፤ ጣት ላይ ያለ አቧራ ቁጥሩን ያዛባል።

ዚንክ፦ በቱርክና በኢራን የተሠሩ ሙከራዎች ጥቂት ጥቅም አሳይተዋል፤ በ2011 የወጣው የአሜሪካ ሙከራ ግን አላሳየም። ልጁ ካልበላ፣ ካላደገ ወይም ተቅማጥ ከተመላለሰበት ይታይ። ልዩ ቱቦ ስለሚፈልግ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ታይሮይድ፦ ልጁ ከከሳ፣ ልቡ በፍጥነት ከመታ ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ካለ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ) ይታይ። ምልክት ከሌለ አያስፈልግም።

ቫይታሚን ዲ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ላይ ዝቅ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ምክንያቱ እሱ ነው ማለት ግን አይቻልም። አዳማ ላይ በተማሪዎች የተደረገ ጥናት ከገጠር ልጆች ይልቅ በከተማ ልጆች ላይ እጥረቱ ብሶ አግኝቷል። አውሮፓ ልጅ የምታሳድጉ ደግሞ ፀሐይ የሚጠፋበትን የዚያን አገር ክረምት አስቡ።

ማግኒዚየምን በደም መለካት ብዙም አይጠቅምም፤ ደም ውስጥ ያለው ከጠቅላላው 1 በመቶ አካባቢ ነው። ለኤዲኤችዲ ብላችሁ የጸጉር ምርመራና «የምግብ አለርጂ ፓኔል» ከቀረበላችሁ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ሐኪሙ ሜቲልፌኒዴት የሚባለውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት ካዘዘ፣ የእንግሊዝ መመሪያ ምልክት ከሌለ በየጊዜው ደም መመርመር አያስፈልግም ይላል። የሚያስፈልገው ክብደትና ቁመት መለካት ነው፤ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳልና። እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ክብደቱ በየ3 ወሩ፣ ቁመቱ በየ6 ወሩ ይለካ።

የውጤት ወረቀቶቹን አትጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን፣ ልጁ ያን ሳምንት ታሞ እንደነበረና ምን መድኃኒት ይወስድ እንደነበረ ጻፉበት። ድጋሚውን ምርመራ ከተቻለ እዚያው ላቦራቶሪ አሠሩት፤ የሁለት ማሽን ቁጥር ሁልጊዜ እኩል አይመጣም።