የሞዱላር ኦሲሌተርን ሳይን ሞገድ እንዴት እናጥራ?

አዲስ ኦሲሌተር (የሞዱላር ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ከተለያዩ ክፍሎች የሚገጣጠም የሙዚቃ መሣሪያ፣ ድምፅ አመንጪ ክፍል) እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ሳይን (አንድ ድግግሞሽ ብቻ ያለው ለስላሳ ሞገድ) መውጫውን ወደ 100 ሄርዝ አውርዶ በማዳመጫ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት ነው። በዚህ ወፍራም ድምፅ ላይ ጆሯችን ለመሠረታዊው ድግግሞሽ ደካማ ሲሆን ከላዩ ለሚመጡት ሃርሞኒኮች (የመሠረታዊው ድግግሞሽ ሙሉ ብዜቶች) ግን ንቁ ነው። ሳይኑ ካልጠራ 300 ሄርዝ ላይ በአፍንጫ የሚዜም የሚመስል ቀጭን ድምፅ አብሮ ይሰማል። ሦስተኛው ሃርሞኒክ እሱ ነው። አንዴ ለይቶ ያወቀው ጆሮ ከዚያ ወዲያ አይስተውም።

ይህ እድፍ ከየት ይመጣል? አብዛኞቹ አናሎግ ኦሲሌተሮች ሳይንን በቀጥታ አያመነጩም። ውስጣቸው የሚሠራው ሦስት ማዕዘን ወይም የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ነው፤ ሳይኑ የሚገኘው የሦስት ማዕዘኑ ሹል ጫፎች በዳዮዶች ወይም በጥንድ ትራንዚስተሮች አልፈው ሲዶለዱሙ ነው። የሦስት ማዕዘን ሞገድ ኢ-ተጋማሽ ሃርሞኒኮች ብቻ አሉት፤ ሦስተኛው የመሠረታዊው አንድ ዘጠነኛ፣ አምስተኛው አንድ ሃያ አምስተኛ ነው። ጫፉ ሲበዛም ሲያንስም ከተዶለዶመ ሦስተኛው ይቀራል። ሞገዱ ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ ደግሞ ሁለተኛውና አራተኛው ብቅ ይላሉ። ይህን መለየት ከሥራው ግማሹ ነው፤ የትኛውን ማስተካከያ (በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ቁልፍ) መንካት እንዳለብን የሚነግረን የሚታየው ሃርሞኒክ ነውና።

ሲንተሳይዘሩን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ አቆዩት። ትራንዚስተሮች ሲሞቁ ጠባያቸው ስለሚለወጥ ቀዝቃዛ ዕቃ ላይ የተደረገ ማስተካከያ አይጸናም።

ቀጥሎ የመለኪያውን መንገድ ፈትሹ፤ ማለትም ድምፁ በድምፅ ካርድ በኩል ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ሃርሞኒኮቹ በስፔክትረም አናላይዘር (የእያንዳንዱን ድግግሞሽ መጠን በመስመር በሚያሳይ ፕሮግራም) የሚታዩበትን። ይህን አጥብቄ የምለው ሦስት ምሽት ስላስከፈለኝ ነው። ሦስተኛውን ሃርሞኒክ ለማጥፋት ማስተካከያውን ወዲያና ወዲህ ባዞርም በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው መስመር ንቅንቅ አልል አለኝ። ችግሩ ከኦሲሌተሩ አልነበረም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ቮልት የሚሆነው የሞዱላር ድምፅ የድምፅ ካርዱን መግቢያ እያጨናነቀው ኖሯል። መለያው ቀላል ነው፦ ድምፁን ወደ ካርዱ ከመግባቱ በፊት በ10 ዴሲቤል ቀንሱት። ሃርሞኒኩም መሠረታዊውም እኩል 10 ዴሲቤል ከወረዱ እድፉ የኦሲሌተሩ ነው። ሃርሞኒኩ ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ጥፋተኛው መግቢያው ነው።

አሁን ወደ ማስተካከያዎቹ። ትንሿን ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የእያንዳንዱን አቀማመጥ ፎቶ አንሱ፤ የቅኝት ማስተካከያዎችን ፈጽሞ አትንኩ። መነሻው የመጋዝ ጥርስ ከሆነ ሥራው ከሦስት ማዕዘኑ ይጀምራል፤ ሞገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይቀራልና እሱ እስኪያንስ ድረስ አስተካክሉ። ይህን ስንጥቅ የሳይን ማስተካከያዎች አያጠፉትም። ከዚያ የሲሜትሪ (የላይና የታች እኩልነት) ማስተካከያውን ሁለተኛው ሃርሞኒክ እስኪወርድ፣ የቅርጹን ማስተካከያ ሦስተኛው እስኪወርድ አዙሩ። አንዱ ሌላውን ስለሚነካ ተመለሱበት፤ እኔ ብዙ ጊዜ አራት ዙር እሄዳለሁ፣ በመጨረሻም ዙሩ ካቻቢቴው የተንቀሳቀሰ እስከማይመስል ድረስ እያነሰ ይመጣል። ሃርሞኒኮቹ ከመሠረታዊው 40 ዴሲቤል በታች ከወረዱ እያንዳንዳቸው ከአንድ በመቶ አይበልጡም፤ ለአናሎግ ሳይን ይህ የሚያኮራ ነው።

ስፔክትረም አናላይዘር የሌለው ሰው በፊልተር ኖች መውጫ (አንድን ድግግሞሽ ነጥሎ በሚያጠፋው) ይጠቀም። ኖቹን ቀስ ብላችሁ ወደ መሠረታዊው ድግግሞሽ ስታመጡት ወፍራሙ ድምፅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል፤ እድፉም ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ካቻቢቴውን እያዞሩ ያንን ቀሪ ድምፅ ማሳነስ ነው። እኔ ከስክሪን ይልቅ ይህን መንገድ እወደዋለሁ፤ እጅ ለጆሮ እንዲታዘዝ ያስተምራል።

ማስተካከያው ካልበቃ ሳይኑን በአራት ፖል ሎው ፓስ ፊልተር (ከመቁረጫው ድግግሞሽ በላይ ያለውን በአራት ደረጃ በሚቀንስ) አሳልፉት። ሬዞናንሱ (መቁረጫው አካባቢ ያለውን ድምፅ የሚያጎላው) ዜሮ ይሁን፤ የፊልተሩ መቁረጫ በዚያው የቅኝት ቮልቴጅ ኦሲሌተሩን ይከተል። አራቱም ፖሎች መሠረታዊው ድግግሞሽ ላይ ሲቀመጡ መሠረታዊው 12 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ሃርሞኒክ ግን 40። ፊልተሩ ራሱ እንዳያቆሽሽ የሚገባውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ድካም ዋጋው በይበልጥ የሚታየው በፍሪኩዌንሲ ሞዱሌሽን (የአንዱ ኦሲሌተር ሞገድ የሌላውን ድግግሞሽ ሲያወዛውዝ) ነው። የኮምፒውተር ሙዚቃ ተመራማሪው ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ሁለት ሳይኖች ብቻ እጅግ ሀብታም ድምፅ ይሰጣሉ። ሞዱሌተሩ (አወዛዋዡ ሳይን) ውስጥ የተደበቀ ሦስተኛ ሃርሞኒክ ካለ ግን የራሱን የጎን ድምፆች ይጨምርና ጥርት ያለው የደወል ድምፅ ይሻክራል።

በመጨረሻ በ50፣ በ200፣ በ800 እና በ3200 ሄርዝ ደግማችሁ አዳምጡ። የመጋዝ ጥርሱ ወደ መነሻው የሚመለስበት ጊዜ ቋሚ ስለሆነ ድምፁ በቀጠነ ቁጥር ስንጥቁ ከዑደቱ የሚይዘው ድርሻ ይሰፋል። ስለዚህ ሁሉም ቦታ እኩል አይጠራም፤ ማስተካከያውን አብዝታችሁ በምትጫወቱበት ክልል ላይ አጽኑት። እኔ ባስ ስለምጫወት የእኔን 110 ሄርዝ ላይ ትቼዋለሁ።