የሌለ ዛፍ ስትፈጥሩ ከቅጠሉ ቀለም አትጀምሩ

ለልብወለድም ይሁን ለጌም ዛፍ የሚፈጥር ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሰማያዊ ቅጠል፣ ማታ ማታ የሚያበራ ግንድ ምናምን ነው። እሱን ለጊዜው ተዉትና ቦታውን ወስኑ፣ ዝናብ ስንት ወር ይጥላል፣ አፈሩ ጨዋማ ነው ወይስ ድንጋያማ፣ ንፋሱስ፣ ከዛ ዛፉ ራሱ እየመጣላችሁ ይሄዳል።

እውነተኞቹን እዩዋ። ባኦባብ ግንዱ እንደዛ የወፈረው ለድርቅ ጊዜ ውሃ ስለሚያጠራቅምበት ነው። ባሕር ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅለው ማንግሮቭ ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን ስለሚያጥረው አንዳንዱ ሥሩን ወደ ላይ አውጥቶ ይተነፍሳል። የየመኗ ሶኮትራ ደሴት ላይ ያለው የዘንዶ ደም ዛፍ ደሞ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ከጭጋግ ውሃ ይለቅማል፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ሙጫ ቀይ ነው፣ ይሄን ሰው ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ አበዛኸው እንለው ነበር።

ቁመት ላይ ግን ረጋ በሉ። በዓለም ረጅሙ የሚባለው የካሊፎርኒያ ሬድዉድ 116 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃን ከሥር እስከ ጫፍ መሳብ እየከበደ ይሄዳል። የኔ 300 ሜትር ነው ካላችሁ ውሃው እንዴት እንደሚደርስ ንገሩን።

እስቲ አንድ እንሞክር፣ እሳት ቶሎ ቶሎ የሚነሳበት ደረቅ ሜዳ እንበል። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ በጥፍር ስትጫኑት ይሰረጉዳል። ፍሬው በሙጫ ታሽጎ ለዓመታት ቅርንጫፉ ላይ ይቆይና እሳት ሙጫውን ሲያቀልጠው ዘሩን አመድ ላይ ይበትናል (ይቺን እንኳን አልፈጠርኳትም፣ እንዲህ የሚያደርጉ የፓይን ዝርያዎች አሉ)። ግንዱ የግድ ያብራ ካላችሁም ምክንያት ስጡት፣ አበባውን የሚያዳቅሉለት የእሳት እራቶች ናቸው በሉ፣ ግን ማብራት ጉልበት ስለሚጨርስ አበባ በሚያወጣበት ሰሞን ብቻ ይብራ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጎረቤቶቹን ነው። ማን ይበላዋል፣ ማን ይከላከልለታል? ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ እሾሁ ሥር ባዶ እብጠት ያለው ግራር አለ፣ እዛ ውስጥ ጉንዳን ይኖራል፣ ቅጠሉን ሊበላ የመጣውን እንስሳ ጉንዳኑ ወጥቶ ይነክሰዋል። ለናንተም ዛፍ እንዲህ ያለ አንድ ወዳጅና አንድ ጠላት ስጡት።

ስም መጨረሻ ላይ ይሁን። ሳይንሳዊ እንዲመስል ከፈለጋችሁ ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 እንዳደረገው ሁለት ቃል ይበቃል፣ መጀመሪያ ወገኑ ከዛ ዝርያው።