የአሮጌ መኪና ኤሲ ኮምፕሬሰር ሲጮህ፦ ከድምፁ ወደ ምክንያቱ

ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት ከፍቶ የሚነዳ ሰው ኤሲ እንዳለው የሚያስታውሰው አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ ሲወርድ ነው። ቁልፉን ሲጫነው ከኮፈኑ ሥር ጩኸት ይነሣል። ጋራዥ ሲደርስ ከሁለት መልሶች አንዱን መስማቱ አይቀርም፦ «ጋዝ ይሞላ» ወይም «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» (ኮምፕሬሰር የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል ነው)። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ሳይጠየቅ የሚሰጡ ከሆነ ግን ግምት ናቸው።

ስለዚህ ቦርሳዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ኤሲውን አጥፍተው ሞተሩን በሚኒሞ ያስነሡና ያዳምጡ። ከዚያ ኤሲውን ከፍተው እንደገና ያዳምጡ። ቺንጋው የሚያዞረው የኮምፕሬሰሩ ፑሊ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ኤሲው ቢጠፋም ይዞራል። ውስጡ የሚዞረው ግን ኤሲው ሲከፈትና የኮምፕሬሰሩ ክላች ማግኔት የፊቱን ሳህን ከፑሊው ጋር ሲያጣብቀው ብቻ ነው። አብዛኛው ምርመራ ከዚህ ልዩነት ይነሣል።

ኤሲው ጠፍቶም የሚሰማ ጉርምርምታ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የፑሊው ኩሽኔታ ነው። ይሁን እንጂ የዲናሞው፣ የውኃ ፓምፑና የቺንጋ መወጠሪያው ኩሽኔታም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣሉ። ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን ያውልቁና እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ ያዙሩት። የሚያንገራግጭ ወይም ወዲያና ወዲህ የሚወላገድ ካለ ጥፋተኛው እርሱ ነው።

የኮምፕሬሰሩ ሆኖ ከተገኘ ደስ ይበልዎት፤ የሚቀየረው ኩሽኔታው ብቻ ነው፣ ጋዙም መውጣት የለበትም። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። በዚያው ማግኔቱንም ይመልከቱት፤ የጋለ ኩሽኔታ የማግኔቱን የሽቦ ጥቅልል ሊያቃጥለው ይችላል።

ኤሲው ሲከፈት የሚመጣ ቀጭን ፉጨት

ይህ በአብዛኛው የቺንጋ ድምፅ ነው። ሞተሩ እየሠራ እጅዎንና ልብስዎን አርቀው በቺንጋው ላይ ትንሽ ውኃ ይርጩ። ድምፁ ጠፍቶ ወዲያው ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ይፈትሹ፤ ከባሰበት ደግሞ ቺንጋው ላልቷል። የተሰነጠቀ ወይም ዘይት የጠጣ ቺንጋ ይቀየራል። አዲስና በደንብ የተወጠረ ቺንጋ ከጮኸ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩን አጥፍተው የክላቹን የፊት ሳህን በእጅ ያዙሩ፤ እኩል በሆነ ክብደት መዞር አለበት። ከተቸነከረ ኮምፕሬሰሩ ውስጡ ተበላሽቷል።

ቀጭ... ቀጭ...

ክላቹ በየጥቂት ሰከንዱ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጋዝ አንሷል፤ የግፊት መቆጣጠሪያው እያጠፋው ነው። በሚይዝበት ጊዜ የሚንሸራተትና የሚያንጫርር ከሆነ በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። በብዙ መኪኖች ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሥሩ ያለውን ስስ ቀለበት በመቀነስ ይስተካከላል።

ሲከፈት መኪናውን የሚያርገበግብ ጉርምታ

መጀመሪያ ርካሹን ይፈትሹ፦ ኮምፕሬሰሩን የያዙት ቡሎኖች ጠብቀዋል? ቱቦው አካሉን ይነካል? እነዚህ ደህና ከሆኑ ከራዲያተሩ ፊት ባለው የጋዝ ማቀዝቀዣ (ኮንደንሰር) ላይ ውኃ ያፍስሱ። ድምፁ ወዲያው ከቀነሰ ግፊቱ ከልክ በላይ ነበር ማለት ነው። ቬንቲላተሩ አይዞርም፣ ኮንደንሰሩ በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይም ጋዝ በግምት ተሞልቷል። ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው። መጠኑ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፎ ሳለ ቱቦውን እየዳሰሰ «በቃው» የሚል ባለሙያ ለምን እንደሚታመን አይገባኝም።

ከውስጥ የሚመጣ ማንኳኳት

ከባዱ ይህ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ይጓዛል፤ ጋዝ በሚያፈስበት ቦታ ዘይትም ይወጣል። ኤሲው ለወራት ሳይነካ ሲቀር የዘንጉ ጎሚኒ ይደርቅና ማፍሰስ ይጀምራል። ባለቤቱ ቀዳዳውን ሳያስፈትሽ በየዓመቱ ጋዝ ያስሞላል፤ ዘይቱን ግን የሚተካ የለም። በመጨረሻ ብረት ከብረት ይፋጫል። በየመገጣጠሚያው ላይ ቅባት የያዘ አቧራ ካዩ ቀዳዳው እዚያ አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ለማስቀረት በወር አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ኤሲውን መክፈት ይበቃ ነበር።

ኮምፕሬሰሩ ብቻ ከተቀየረ አዲሱም ይሞታል፤ የአሮጌው የብረት ብናኝ በቱቦዎቹ ውስጥ ቀርቷልና። መስመሩ ይታጠብ፣ ማጣሪያውና የጋዙን ፍሰት የሚቆጣጠረው ኤክስፓንሽን ቫልቭ ይቀየሩ። ቀጫጭን መተላለፊያ ያለው ኮንደንሰር ታጥቦ አይጠራም፤ እርሱም መቀየር አለበት። ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በቫኩም ፓምፕ አየርና እርጥበቱ ይሳብ። ዘይቱ ከጋዙ ጋር መስማማት አለበት፤ በፈረንጆች 1980ዎቹ የተሠሩ መኪኖች አር 12 የተባለውን ጋዝ ከማዕድን ዘይት ጋር ይጠቀሙ ነበር፣ በኋላ የመጣው አር 134ኤ ደግሞ የራሱን ሰው ሠራሽ ዘይት ይፈልጋል።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕሬሰር የሚገዙ ከሆነ ሳህኑን በእጅ ያዙሩት፣ አፎቹ ተደፍነው መቀመጣቸውን ይመልከቱ፣ ገልብጠውም ጥቂት ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥቡ። ጥቁር ወይም ብርማ ብናኝ ያለው ከሆነ አይግዙት።

ጩኸቱ መንገድ ላይ ከጀመረዎት ኤሲውን ያጥፉ። ድምፁ ከጠፋ ሙቀቱን ታግሠው ወደ ቤትዎ መንዳት ይችላሉ። ካልጠፋና ፑሊው የሚያንገራግጭ ከሆነ ግን ቺንጋውን ይመልከቱ። ለኤሲ ብቻ የተሠራ ከሆነ አውልቀውት ይጓዙ። አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም የውኃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ መንገዱን አይቀጥሉ፤ ፑሊው ሲቸነከር ቺንጋው ይበጠሳል፣ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።