አንኮበርን ማየት ከፈለጋችሁ ጠዋት ድረሱ

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ ይዤው የምሄደው አንኮበር ነው፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ። ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

አዳራችሁን ደብረ ብርሃን አድርጉ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያው ቀን ልድረስ ካላችሁ ይረፍድባችኋል። አንድ ጊዜ አክስቴን ይዤ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ጉሙ ከቆላ ወጥቶ ኮረብታውን ውጦታል። አክስቴ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ያየችው ጭጋግ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። ክረምትን ተዉት፤ ጥቅምትና ኅዳር ሸጋ ነው። የመንገዱን ሁኔታም አስቀድማችሁ እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ጋቢ ያዙ። በርኖስ ያለው በርኖሱን ይደርብ፤ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይገባል። ቆሎም አትርሱ።

መኪናው ከታች ይቆማል፣ ከዚያ በእግር ነው። አትቸኩሉ፣ ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል። አረፍ ስትሉ ቁጥቋጦውን እዩ። የአንኮበርን ስም የያዘች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ቡናማ ዝንጉርጉር ወፍ አለች። ጭላዳም ገደሉ ላይ ሣር ሲነጭ ልታዩ ትችላላችሁ።

እንደ ጎንደር ያለ ግንብ ግን አትጠብቁ። የቀረው የግድግዳ ቁራጭ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ይሄ ብቻ?" ይልና ፎቶ ተነስቶ ይወርዳል። እባካችሁ አትውረዱ። ጠጋ ብላችሁ ድንጋዩን ከድንጋይ የያዘውን ኖራ እዩት። ድንጋዩ ሽበት አውጥቷል፤ ጠዋት ጤዛ ስላለው እጅ ላይ ይቀዘቅዛል። መንካቱ ይበቃል፤ አትውጡበት፣ ፍንካችም አታንሱ።

ከዚያ ጀርባችሁን ለግንቡ ሰጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ተቀመጡ። ነገሥታቱ ይህን ቦታ ለምን እንደመረጡ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ደጋው ከእግራችሁ ሥር ያበቃል። ቁልቁል አልዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ። ባሕሩ ሩቅ ነው፣ አይታይም። መንገዱ ግን በዚህ ነበር። ጨው በግመል ተጭኖ አልዩ አምባ ገበያ ይራገፍ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ወደብ ተነስተው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት በዚሁ በኩል ነው። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ሲይዙ አንኮበር ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ሆነች፤ እንጦጦና አዲስ አበባ የመጡት ኋላ ነው። እዚህ የተቀመጠ ሰው ከባሕር የሚመጣውን እንግዳም፣ ነጋዴም፣ ጠመንጃም በበሩ ያሳልፋል። ስሙም የአንኮ በር ማለት ነው ይላሉ አባቶች።

ለዚህ አንድ ሰዓት ስጡት። ልጆች ካሉ ታሪኩን እዚያው ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፤ በጣታቸው መንገዱን ይከተላሉ።

ረፋዱ ላይ ከቆላው በኩል ነጭ ነገር ቀስ እያለ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ጉሙ ነው። ያኔ ተነሱና ውረዱ፤ ለምሳ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ።