የድሮ ቮልስ ሞተር ስትቀይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድሮ ቮልስዋገን ቢትል ያለው ሰው አንድ ቀን ሞተር መቀየሩ አይቀርም። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ምን ሞተር እንደያዘ ሳያጣራ መፍቻ የሚያነሳው።

የመጀመሪያው ስህተት በመኪናው ዓመት ሞተሩን መገመት ነው። «የ1965 ስሪት ስለሆነ ሞተሩ 1200 (ሲሲ) ነው» ማለት አያስተማምንም። የቮልስ ሞተር ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው በቀላሉ ይዛወራል፤ እስከ ዛሬ ስንቴ እንደተቀየረ ማን ያውቃል? ቁጥሩን ፈልጉ። ከዲናሞው መቆሚያ ሥር የሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። ብዙ ጊዜ ዘይትና አቧራ ሸፍኖት ስለሚገኝ በናፍጣና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱት። በብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳትፈትጉት! የተመታው ጽሑፍ ይጠፋል። ጠመኔ አሹበትና ላዩን በጨርቅ ጥረጉት፤ ነጩ ዱቄት ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። «ዲ» 1200፣ «ኤፍ» 1300፣ «ኤች» 1500 ነው። «ኤዲ» ወይም «ኤኢ» ካላችሁ 1600 ነው። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙንም እዚያው ተመልከቱ።

ፊደሉን አይቶ ማቆምም ስህተት ነው። ፊደሉ የሚነግራችሁ የሞተሩ ቅርፊት ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ነው። ፒስተንና ሲሊንደሩ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ከወረደ በካሊፐር ለኩ። የ1200 ሲሊንደር ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ1500 83፣ የ1600 ደግሞ 85.5። 1300ም 77 መሆኑን አትርሱ። ከ1200 የሚለየው በፒስተኑ ጉዞ ነው፤ የ1200 64 ሚሊ ሜትር፣ የ1300 69።

አሁን እኔን ራሴን ሁለት ቀን ሙሉ ያደከመኝን ልንገራችሁ፤ ቮላኖው ነው፤ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚዞረው ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት። የድሮው ባለ 6 ቮልት መኪና ቮላኖ 109 ጥርስ አለው። በኋላ የመጣው ባለ 12 ቮልት 130 ጥርስ ሲኖረው በስፋቱም ይበልጣል። እኔ የገዛሁት ሞተር ባለ 130 ነበር፤ ካምቢዮዬ ደግሞ የድሮው። ገፍተን ገፍተን አስገባነው። ፑሊውን (ከሞተሩ ጫፍ ያለውን የቺንጋ መዘውር) በእጄ ሳዞረው ከውስጥ ብረት ብረትን ሲፍቅ ሰማሁ። መልሰን ስናወጣው የካምቢዮው ቤት ውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጭረት ነበር። ስለዚህ አንዱን ጥርስ ነጭ ቀለም ቀቡና ከእሱ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ሞተሪኖውም (ማስነሻው) ከቮላኖው ጋር መሄድ አለበት።

ሞተሩን ሳትገዙ ፑሊውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፣ ሳቡት። መንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ከ0.07 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እጃችሁ ላይ «ቋ፣ ቋ» ካለ ተዉት፤ ሌላ ፈልጉ።

ስታወርዱ ባትሪውን ቀድማችሁ ንቀሉ። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግለት። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደኋላ ሳቡት። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሳይላቀቅ ሞተሩ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ክብደቱ ሁሉ ዘንጉና የፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ ያርፋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ቆርቆሮውንና ጎማውን የሚጥሉ ሰዎች ናቸው። «ትርፍ ነገር ነው፣ ያለሱም ይነሳል» ይላሉ። አዎ፣ ይነሳል። ግን ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ሞተሩን ዙሪያውን የከበቡት ቆርቆሮዎች የማራገቢያውን ንፋስ ሲሊንደሮቹ ላይ ይመሩታል። በጠርዙ የሚዞረው ጎማ ደግሞ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይሳብ ይዘጋል። አንድ ቁራጭ ሲጎድል ሞተሩ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ጉዳቱም ቀስ እያለ የሚመጣ ስለሆነ ቶሎ አይታወቅም። አሮጌውን ሞተር ከመሸጣችሁ በፊት እያንዳንዱን ቆርቆሮ ፎቶ አንሱ፣ ቁጠሩ፣ አስቀሩ።

ቤንዚን የሚያስተላልፈውንም የጎማ ቱቦ አሮጌውን መልሳችሁ አትግጠሙ፤ ቢያፈስ እሳት ያስነሳል። የሞተሩ ቅርፊት ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ እሳት ከያዘው ማጥፋቱ እጅግ ከባድ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ችኮላ ነው፤ እንደገጠሙ ወዲያው ማስነሳት። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ጨምሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ የቫልቮቹን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክሉ። የኮይሉን ሽቦ ንቀሉና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩት፤ ሞተሪኖው እንዳይግል በየመሃሉ አሳርፉት። መብራቱ ሲጠፋ ሽቦውን መልሱና አስነሱት።