ዴስክቶፕ ሊኑክስ በስልክ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ይህ መመሪያ ሩት ባልተደረገ (የሲስተሙ ሙሉ ሥልጣን ባልተከፈተበት) አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስን (የሊኑክስ ትእዛዝ የሚጻፍበትን አፕ)፣ በተርመክስ ውስጥ ዴቢያንን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት)፣ በዴቢያን ላይ ደግሞ ኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕን ለሚያስኬድ ሰው ነው። አንድሮይድን ጨርሶ አንስቶ ፖስትማርኬትኦኤስ ወይም ኡቡንቱ ተች መጫን ሌላ መንገድ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሱቅ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ስልኮች እነዚህ ሲስተሞች ከሚደግፏቸው ውስጥ ስለሌሉ እዚህ አንገባበትም።

ስህተት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ነው የተናገረው?» ነው። ስልኩ ላይ አራት ነገሮች ተደራርበዋል፦ አንድሮይድ፣ ተርመክስ፣ ዴቢያንና ዴስክቶፑ። የብዙ ሰው የመጀመሪያ እርምጃ ዴቢያንን አጥፍቶ እንደገና ማውረድ ነው፤ ጥፋቱ የአንድሮይድ ከሆነ ግን ዳታ ከመጨረስ በቀር የሚፈይደው የለም። የት እንዳላችሁ ለማወቅ የትእዛዝ መስመሩን መጨረሻ እዩ። በ$ ካለቀ አብዛኛውን ጊዜ ተርመክስ ውስጥ ናችሁ፤ በ# ካለቀ ዴቢያን ውስጥ በሩት፣ ማለትም በዋናው አስተዳዳሪ ስም ገብታችኋል።

ትእዛዞቹን እዚህ በንባባቸው ጽፈናቸዋል፤ ስልኩ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይገባሉ።

ተርመክስ አልጫን አለ፣ ወይም ተጭኖ ምንም አላወርድ አለ

«አፕ ኖት ኢንስቶልድ» ካለ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ከሌላ ምንጭ የተጫነ ተርመክስ ስልኩ ላይ አለ። ከፕሌይ ስቶር፣ ከኤፍ-ድሮይድና ከጊትሃብ የሚገኙት የተፈረሙበት ቁልፍ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ላይ አይጫንም። ከጓደኛ በዜንደር የተቀበላችሁት ከሆነ ከየት እንዳወረደው ጠይቁት። የድሮውን አጥፍታችሁ የኤፍ-ድሮይዱን ወይም የጊትሃቡን ጫኑ፤ የፕሌይ ስቶሩን አንመክርም። ተርመክስን ማጥፋት በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ ዴቢያኑንም የጻፋችሁትንም፣ አብሮ እንደሚያጠፋ ግን አትርሱ።

ተጭኖ «ሪፖዚተሪ ኢዝ አንደር ሜይንተናንስ» ካለ ደግሞ የሚያወርድበት ሰርቨር አልደረሰውም። «ተርመክስ-ቼንጅ-ሪፖ» ብላችሁ ሌላ ምረጡና «ፒኬጂ አፕግሬድ» በሉ።

ወደ ዴቢያን ከመሄዳችሁ በፊት «ዩኔም» ከሰረዝ ኤም ጋር ጻፉ። ኤአርች64 ካለ ስልኩ ባለ 64 ቢት ነው። «ኤአርኤምቪ7ኤል» ወይም «ኤአርኤምቪ8ኤል» ካለ አንድሮይዱ ባለ 32 ቢት ነው፤ ዴቢያን በዚህም ይሠራል። ለኮምፒውተር የተዘጋጀ፣ ስሙ ላይ ኤኤምዲ64 የተጻፈበት ፋይል ግን በሁለቱም አይነሳም፤ ፕሮሰሰሩ ሌላ ቋንቋ ነው የሚያውቀው። «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» የሚባለው ይኸው ነው።

«ሪሊስ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት» ይላል

ይህ ችግር እኛ ጋ ከሌላው አገር ይበዛል፤ ምክንያቱ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኩ 3 እንዲል ብላችሁ ሰዓቱን በእጅ ከመለሳችሁት ስልኩ ከእውነተኛው ጊዜ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዴቢያን ዛሬ ጠዋት የወጣውን ዝርዝር ሲያይ ገና ካልደረሰ ጊዜ የመጣ ይመስለውና አልቀበልም ይላል። ዓመቱን ጭምር በእኛ አቆጣጠር የሞላ ስልክ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሆን የማንኛውም ድረ ገጽ ሰርተፍኬት «ገና አልጸናም» ይባላል፤ ብሮውዘርም አይከፍት፣ የዴቢያን ፕሮግራም ማውረጃ የሆነው አፕትም አያወርድ።

መፍትሄው በአንድሮይድ ሴቲንግ ቀኑንና ሰዓቱን አውቶማቲክ ማድረግ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ የፈረንጁን ቀንና ሰዓት በትክክል መሙላት፣ ቀጠናውን አዲስ አበባ፣ ማለትም ሲደመር 3 ማድረግ።

በሐበሻ ሰዓት ማየት አልተውም የሚል ሰው መላ አለው። ሰዓቱን አውቶማቲክ ትቶ ቀጠናውን ብቻ ሲቀነስ 3 ወደ ሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ቦነስ አይረስ ይቀይር። ስክሪኑ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ይላል፤ ሊኑክስ የሚመለከተው ግን ከቀጠናው በስተጀርባ ያለውን የግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ ቅር አይለውም።

እየሠራ ሳለ ድንገት ይዘጋል፤ «ፕሮሰስ ኮምፕሊትድ፣ ሲግናል 9»

ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚያማርረው ይህ ነው፤ ዴቢያን ግን ምንም አላጠፋም። ሲግናል 9 ማለት ከውጭ መጥቶ ገደለው ማለት ነው፤ ገዳዩም አንድሮይድ ነው። የሚገድልበት ምክንያት ግን ሦስት ዓይነት ስለሆነ መቼ እንደሚዘጋ ልብ በሉ።

ዴስክቶፑ ተከፍቶ ጥቂት ፕሮግራሞች ሲደራረቡበት የሚዘጋ ከሆነና ስልኩ አንድሮይድ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምክንያቱ አፖች የሚወልዷቸው ንዑስ ፕሮሰሶች ገደብ ነው። ገደቡ በስልኩ ላይ ላሉት አፖች ሁሉ ተደምሮ 32 ነው። ኤክስኤፍሲኢ ደግሞ ፓነሉን፣ የመስኮት አስተዳዳሪውን፣ የፋይል ማሳያውንና ሌላ ሌላውን ለየብቻ ስለሚያስነሳ ብሮውዘር ሲጨመርበት ገደቡን ያልፋል።

አንድሮይድ 14 እና ከዚያ በላይ ቀላል ነው። አባውት ፎን ውስጥ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ትነካላችሁ፤ በሚከፈተው ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ «ዲሴብል ቻይልድ ፕሮሰስ ሪስትሪክሽንስ» የሚለውን ታበራላችሁ፤ ስልኩን አጥፍታችሁ ታስነሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ዴቨሎፐር ኦፕሽንን መልሳችሁ አትዝጉት፤ ያበራችሁትም አብሮት ሊጠፋ ይችላል።

አንድሮይድ 13 ላይ ይህ ቁልፍ ከሌለ በኤዲቢ (ስልኩን በትእዛዝ በሚያዝ መሣሪያ) ይሠራል፤ ኮምፒውተር አያስፈልግም። በተርመክስ «ፒኬጂ ኢንስቶል አንድሮይድ-ቱልስ» ትላላችሁ። ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ዋየርለስ ዲበጊንግን ታበራላችሁ። ይህ የሚሠራው ስልኩ ዋይፋይ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ኔት ግን የግድ አይደለም፤ ዳታ የሌለው የጓደኛ ስልክ ሆትስፖት ቢከፍትላችሁ ይበቃል። ቀጥሎ ባለ 6 አሃዙን ኮድ የምታዩበት መስኮት ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ ወደ ተርመክስ ሲመለስ መስኮቱ ይዘጋና ኮዱ ይሞታል። ስክሪኑን ለሁለት ከፍላችሁ ሴቲንጉን ከላይ፣ ተርመክስን ከታች አድርጉ። «ኤዲቢ ፔር ሎካልሆስት» ብላችሁ ከሁለት ነጥብ ቀጥሎ መስኮቱ ላይ ያለውን የፖርት ቁጥር ትጽፋላችሁ፤ ኮዱን ሲጠይቅ ትሰጡታላችሁ። ከዚያ «ኤዲቢ ኮኔክት ሎካልሆስት» ስትሉ ግን የሚጻፈው ሌላ ፖርት ነው፤ የዋየርለስ ዲበጊንግ ዋናው ገጽ ላይ ያለው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። በመጨረሻ ይህን ትሰጣላችሁ፦

«ኤዲቢ ሼል ሴቲንግስ ፑት ግሎባል ሴቲንግስ_ኢኔብል_ሞኒተር_ፋንተም_ፕሮክስ ፎልስ»

ረጅሙ ስም በስር ሰረዝ የተያያዘ አንድ ቃል ነው፤ ማብቂያው ፒ-አር-ኦ-ሲ-ኤስ።

የሚዘጋው ስክሪኑን አጥፍታችሁ ስልኩን ኪስ ስትከቱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባትሪ ቁጠባ ነው። ለተርመክስ የባትሪ ገደቡን «አንሪስትሪክትድ» አድርጉ፤ ከኖቲፊኬሽኑም «አኳየር ዌክሎክ» የሚለውን ንኩ። ስልኩ አውቶስታርት የሚባል ፈቃድ ካለው እሱንም ስጡት፤ ራም የሚያጸዳውን አፕ ደግሞ ተዉት፣ እሱ ራሱ ነው የሚገድለው።

ፋየርፎክስ ወይም ሊብረኦፊስ በተከፈተ ቁጥር የሚዘጋ ከሆነ ራም አልበቃም። «ፍሪ» ከሰረዝ ኤች ጋር ብላችሁ የቀረውን እዩ። በእኛ ግምት 4 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ያሠራል፤ 2 ጊጋ ላይ ኤክስኤፍሲኢን ትቶ ኦፕንቦክስ በሚባለው ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪ ብቻ መሥራት ይሻላል። ሻጩ «4 ጊጋ ራም ሲደመር 4» የሚላችሁ ሁለተኛው 4 ከስቶሬጅ የተበደረ ቀርፋፋ ቦታ ነው፤ አትቁጠሩት።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ

ዴስክቶፑን የሚያሳየው ተርመክስ-ኤክስ11 ነው፤ አፑ ለብቻ ይጫናል፣ ተርመክስ ውስጥ ደግሞ «ተርመክስ-ኤክስ11-ናይትሊ» ይጫናል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ካለ ምንም አይታይም።

«ካኖት ኦፕን ዲስፕሌይ» ካለ ዴቢያን ስክሪኑን አላገኘውም። ሁለቱ የሚገናኙት በቲኤምፒ ፎልደር በኩል ስለሆነ፣ ዴቢያንን ተርመክስ ውስጥ በሚያስኬደው በፒሩት-ዲስትሮ ወደ ዴቢያን ስትገቡ «ሼርድ-ቲኤምፒ» የሚለውን ከፊቱ ሁለት ሰረዝ አድርጋችሁ ጨምሩ። ገብታችሁም «ኤክስፖርት ዲስፕሌይ» በሉ፤ ዲስፕሌይ የሚለው በትልልቅ ፊደላት ይጻፍና እኩል ይሆናል ምልክት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ ይከተለዋል። ከዚያ «ዲባስ-ላውንች ስታርትኤክስኤፍሲኢ4»።

ምንም ስህተት ሳይል የማውሱ ቀስት ብቻ ጥቁር ስክሪን ላይ ከታየ ችግሩ የስልኩ ግራፊክስ ነው፦ ተርመክስ-ኤክስ11ን ስታስነሱ «ሰረዝ ሌጋሲ-ድሮዊንግ» ጨምሩ። ቀዩ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ቀይ ሆኖ ከመጣ ደግሞ «ሰረዝ ፎርስ-ቢጂአርኤ»። ጽሑፉ ለዓይን ካነሰ በተርመክስ-ኤክስ11 ፕሪፈረንስ ውስጥ የዲስፕሌይ ስኬሉን ከፍ አድርጉ።

ዴቢያን ውስጥ እንቢ የሚሉ ነገሮች

ክሮሚየም በሩት ስም አይነሳም፤ «ኖ-ሳንድቦክስ» ከሁለት ሰረዝ ጋር ይጨመርለታል። ቪኤልሲ በሩት ጨርሶ አይሠራም፤ «አድዩዘር» ብላችሁ ሌላ ስም ክፈቱና በሱ ግቡ። «ሲስተምሲቲኤል» አይሠራም፣ መጠገንም የለበትም፤ ይህ ትእዛዝ የሚያዘው ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ክፍል) ፒሩት ውስጥ የለም። በዚሁ ምክንያት ስናፕ የሚባለው የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ አይሠራም፤ ኡቡንቱን ትተን ዴቢያንን የምንመክረውም የኡቡንቱ ፋየርፎክስ በስናፕ ስለሚመጣ ነው። ከ1024 በታች ያለ ፖርት አይከፈትላችሁም፤ 8080 ተጠቀሙ።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ

ፎንት የለም ማለት ነው። «አፕት ኢንስቶል ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» በሉና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ለመጻፍ «አይባስ» እና «አይባስ-ኤም17ኤን» ተጭነው ሴራ የሚባለው የአማርኛ አጻጻፍ ይመረጣል።

ፋይሉ ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ካሳየ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቆዩ የቢሮ ኮምፒውተሮች የሚመጡ ደብዳቤዎች ዩኒኮድ ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አቢሲኒካ አያነባቸውም። ያንኑ ፎንት ከኮምፒውተሩ ገልብጣችሁ በሆም ውስጥ «ነጥብ ፎንትስ» የሚባል ፎልደር ከፍታችሁ አስገቡት።

ዳታ አለቀ፣ መብራት ሄደ፣ ጭነቱ ተቋረጠ

አፕት ማውረድ ከመጀመሩ በፊት «ኒድ ቱ ጌት» ብሎ ስንት ሜጋ እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ዋይ ከማለታችሁ በፊት አንብቡት። «ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ» ከሁለት ሰረዝ ጋር ብትጨምሩ የግድ ያልሆነው ይቀራል፤ በሊብረኦፊስ ላይ ልዩነቱ ደህና አድርጎ ይታያል።

በማውረድ መሀል ከተቋረጠ ያንኑ ትእዛዝ መድገም ነው፤ የወረደው አይባክንም። በመጫን መሀል ስልኩ ጠፍቶ «ዲፒኬጂ ዋዝ ኢንተራፕትድ» ካለ «ዲፒኬጂ»፣ ሁለት ሰረዝ «ኮንፊገር»፣ ሰረዝ ኤ። ቀጥሎ «አፕት»፣ ሁለት ሰረዝ «ፊክስ-ብሮክን»፣ «ኢንስቶል»።

ሞጣ ወይም ብቸና ላለ፣ ኔቱ ለደከመበት ሰው ግን የሚሻለው ጭራሽ አለማውረድ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ ጓደኛው አንድ ጊዜ አውርዶ፣ ዴስክቶፑንም ፎንቱንም አስተካክሎ፣ መጀመሪያ ዴቢያን ውስጥ «አፕት ክሊን» ይበል። ከዴቢያን ወጥቶ ተርመክስ ላይ «ተርመክስ-ሴትአፕ-ስቶሬጅ» ብሎ ፈቃድ ይስጥ፤ ከዚያ በ«ፒሩት-ዲስትሮ ባክአፕ» ሁሉንም ወደ አንድ የታር-ጂዚ ፋይል ያውጣው። ፋይሉ በዜንደር ወይም በሚሞሪ ካርድ ይሄዳል። ተቀባዩ ተርመክስንና ፒሩት-ዲስትሮን ብቻ ጭኖ «ፒሩት-ዲስትሮ ሪስቶር» ይላል፤ ለስክሪኑ ተርመክስ-ኤክስ11ን ይጨምራል።

እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ሁለት ነው። ሁለቱ ስልኮች ወይ ሁለቱም 64፣ ወይ ሁለቱም 32 ቢት መሆን አለባቸው። ሚሞሪ ካርዱ በፋት32 ከተፎረመተ ደግሞ 4 ጊጋ የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዴቢያኑን እዚያው ሚሞሪ ካርድ ላይ ላስኪደው ማለትም አይሆንም፤ የካርዱ ፎርማት ሊኑክስ የሚፈልጋቸውን ፈቃዶችና ሊንኮች አይዝም። የስልኩ ውስጣዊ ስቶሬጅ ላይ ቦታ መልቀቅ ግድ ነው።

ኪቦርድና ማውስ ሲሰካ

በኦቲጂ (ኪቦርድና ማውስን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው ገመድ) የተሰካው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከጠፋ፣ ኦፖን በመሰሉ አንዳንድ ስልኮች ኦቲጂ ካልተነካ ራሱን ያጠፋል፤ ከሴቲንግ መልሳችሁ አብሩት። በተራ ኦቲጂ ኪቦርድ ተሰክቶ ቻርጅ ማድረግ አይቻልም፤ የፒዲ (የቻርጅ) መግቢያ ያለው የታይፕ-ሲ ሃብ ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ ብሉቱዝ ኪቦርድ ይዞ ቻርጀሩን መሰካት ነው። ከሃብ በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪ ምስል ካልወጣ ገመድ አትቀያይሩ፦ ስልኩ በታይፕ-ሲ በኩል ዲስፕሌይፖርት የሚባለውን የምስል ሲግናል የሚያወጣ መሆን አለበት፤ ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አያወጡም፣ በሶፍትዌርም አይጨመርላቸውም።